በማሽላ ማሳ ውስጥ የስታቲስቲክስ መምህር ምን ይሠራል?

ሰው ባልተማረው ነገር አማካሪ ሊሆን ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ ዘወትር ከሥራዬ ጋር የሚመጣ ነው። የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ የማስተምረውም እሱኑ ነው። ሆኖም ከግብርና ኮሌጅ የሚመጡ የማስተርስ ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው የፊት ገጽ ላይ፣ ከዋና አማካሪያቸው ስም ሥር፣ የእኔን ስም «ተባባሪ አማካሪ» ብለው ያሰፍራሉ። ስለ ማሽላ አበቃቀል፣ ስለ አፈር፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ታዲያ የምመራቸው ወዴት ነው? በምንስ ሥልጣን?

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ሳይማሩ የመምህርን ጥምጥም መጠምጠም ነውር ነው ማለታቸው ነው። ይህን አባባል ከልቤ እቀበለዋለሁ። ያንኑ ያህል ደግሞ፣ የግብርና ተማሪን አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን ሊያማክረው አይችልም ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን ሳላጋጭ ለመያዝ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ የደረስኩበትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ያደግኩት ራያ ቆቦ፣ ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ ነው። ማሽላን የሚያውቅ ሰው አቀንጭራን ያውቃል። አበባው ሮዝ ሆኖ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ለማያውቀው ዓይን የሚያምር ነው፤ ገበሬው ግን ሲያየው ልቡ ይወድቃል። ምክንያቱም አረሙ ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት፣ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ሲመጠምጥ ከርሟል። አበባው ሲታይ ጉዳቱ አልፏል። ሴቶችና ልጆች እየጎበጡ ይነቅሉታል፤ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይመጣል። በልጅነቴ ሽማግሌዎቹ የፈጣሪ ቁጣ ነው ይሉ ነበር። ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዝበታል፤ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርግበታል።

ይህ አረም የየትኛው ትምህርት ክፍል ነው? ጥያቄዬ ከዚህ ይጀምራል።

የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ብቻውን ግን አይበቅልም። እንደ ማሽላ ካለ ተክል ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ይነቃል። ይህን የነገሩን ኬሚስቶች ናቸው፤ ከነዚህ ቀስቃሽ ኬሚካሎች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መልስ ያጣ ጥያቄ ቀረ፦ ተክል ለምን ጠላቱን ይጠራል? እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች መልሱን አቀረቡ። ተክሉ የሚጠራው ጠላቱን አይደለም፤ በሥሩ ላይ ተጠልለው ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን ፈንገሶች ነው። አቀንጭራ ለወዳጅ የተላከውን ጥሪ ሰምቶ ይመጣል። ማሽላ ደግሞ ፎስፈረስ ባጣ ቁጥር ጥሪውን ያበዛል።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ላይ እንከተለው። አቀንጭራ የሚበረታው አፈሩ በደከመበት ነው። አፈሩ የደከመው ፍግ ወደ ማሳ መመለሱ ቀርቶ ኩበት ሆኖ ስለነደደ፣ አገዳው ለከብትና ለጣራ ስለዋለ፣ ማዳበሪያው ከገበሬው አቅም በላይ ስለሆነ ነው። ኩበቱ የነደደው ዛፍ ስላለቀ ነው። አንድ ተማሪ «አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ» ብሎ ርዕስ ሲያስጸድቅ ዕፅዋት ማዳቀልን ነክቷል፤ ባዮኬሚስትሪን ነክቷል፤ የአፈር ሳይንስን፣ ኢኮኖሚክስን፣ የደን ጥበቃን፣ የቤተሰብን ማጀት ነክቷል። ችግሩ አንድ ነው፤ የከፋፈልነው እኛ ነን። መከፋፈሉ ኃጢአት አይደለም፤ የሰው አእምሮ ሁሉን በአንድ ጊዜ ስለማይሸከም የመጣ ግዴታ ነው። ክፍፍሉ የተፈጥሮ ይመስል ተማሪውን በአንዱ ክፍል ውስጥ ቆልፈን ስናስቀር ግን ስለ ዓለም ሐሰት እያስተማርነው ነው።

የተለየ መንገድ እንዳለ የሚያሳየኝ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ታሪክ ነው። ከወለንኮሚ የወጣው የገበሬ ልጅ ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ ዘልቆ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጡት የማሽላ ተመራማሪ ጆን አክስቴል አገኙት፤ በኢትዮጵያ የማሽላ ዝርያዎችን ሲሰበስቡ አብሯቸው ሠራ። ኋላም ፐርዱ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1978 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የፕሮፌሰር ገቢሳ ሙያ ማዳቀል ነው። አቀንጭራን ሲገጥሙ ግን ማዳቀል ብቻውን በቂ አልሆነላቸውም፤ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ተቀናጁ። ሁለቱ በማሽላውና በአረሙ መካከል የሚተላለፈውን ምልክት ደረጃ በደረጃ ለይተው አጠኑ። የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል እጅግ በትንሹ የሚያመነጩ ማሽላዎችን ለይተው ያንን ጠባይ ወደ ተሻሉ ዝርያዎች አሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ለገቢሳ ሲሰጥ ከተጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የመጡ ናቸው።

ከዚያው ከፐርዱ ሌላ ምሳሌ አለ፤ ለወሎ ሰው የሚቀርብ ነው። አክስቴልና ተማሪያቸው ራመሽዋር ሲንግ ከዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን በላቦራቶሪ ሲመረምሩ፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከሁሉ በልጠው የተገኙት ሁለቱ ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እነዚህ ማሽላዎች ምርታቸው ጥቂት፣ ፍሬያቸውም የተጨማደደ ስለሆነ በምርት ብቻ የሚመዝን ባለሙያ ይጥላቸው ነበር። የወሎ ገበሬ ግን «ወተት በጉንጬ» እያለ ለእሸት ጠብቆ አቆያቸው። ላቦራቶሪው ያገኘው ገበሬው ያቆየውን ነው። ስለዚህ የአማካሪዎቹን ስም ስቆጥር፣ በየትኛውም የፊት ገጽ ላይ የማይጻፈውን የመጀመሪያውን አማካሪ አልዘልም።

የእኔ ድርሻስ?

የማሳ ስታቲስቲክስ የተወለደው የግብርና ሰው ባልነበረ ሰው እጅ ነው። በእንግሊዝ አገር የሮታምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ብሮድባልክ በሚባለው ማሳ ላይ ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስንዴ ሙከራ ሲያካሂድ ኖሮ መዝገቡ ተከምሮ ነበር። ይህን ክምር እንዲያነብላቸው እ.ኤ.አ. በ1919 ሮናልድ ፊሸር የተባለ የሒሳብ ሰው ቀጠሩ። ፊሸር መዝገቡን ሲመረምር ቆይቶ ወደ ማሳው ጥያቄ ዞረ፤ ሙከራው ገና ሳይዘራ እንዴት ቢነደፍ ነው መልሱ የሚታመነው? የሰጠው መልስ ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ የግብርና ተማሪዎች የሚሠሩበት ሆኗል። የማሳውን ልዩነት የምታውቁትን ያህል ለዩና በብሎክ ክፈሉት፤ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ግን የትኛው ዝርያ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚዘራ አትምረጡ፤ ዕጣ አውጡ።

ይህ ሕግ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የገባኝ ቆቦ ላይ ከአንድ ተማሪ ጋር በገበሬ ማሳ ላይ ሙከራ ስንነድፍ ነው። ተማሪው ጎበዝ ነው፤ የሚፈትናቸውን ዝርያዎች እንደ ልጆቹ ያውቃቸዋል። ተስፋ የጣለበትን ዝርያ መንገድ ዳር፣ ጥሩው አፈር ላይ መዝራት ፈለገ። «ቲቸር፣ ጎብኚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው» አለኝ። የማሳው ባለቤት አዛውንት ደግሞ በዱላቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ ጎርፉ የሚገባው በዚህ ጥግ ነው፤ አቀንጭራውም ከላይ ማሳ ተጠርጎ የሚወርደው በዚሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ከብት ያደረበት ነው፤ አረሙ ይቀላል» አሉን። አንድም መሣሪያ ሳንተክል የማሳውን ካርታ ከአፋቸው ወሰድን፤ ብሎኮቹን የከፈልነው እሳቸው በነገሩን መሠረት ነው።

ዕጣው ላይ ስንደርስ ተማሪው ይከፋዋል ብዬ አስቤ ነበር፤ ያስረዱት ግን አዛውንቱ ሆኑ። መሬትም የመስኖ ውሃም በዕጣ ሲደለደል እያዩ ኖረዋል። «ዕጣ ከሌለ ሰው ለራሱ ይቆርሳል» አሉት። ቁርጥራጭ ወረቀቶች ከባርኔጣ እየመዘዝን የወጣውን ጻፍን። መንገድ ዳር የደረሰው ተማሪው ያልወደደው ዝርያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ላይ ብዙ አሰላስያለሁ። በማሳ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር አለ፦ የምናውቀውና የማናውቀው። የጎርፉን መግቢያ እናውቃለን፤ ስለዚህ በብሎክ እንለየዋለን። ከአፈሩ ሥር ያለውን የድሮ የምስጥ ኩይሳ፣ የተቀበረ አመድ፣ የእርጥበት ልዩነት አናውቅም፤ ስለዚህ ለዕጣ እንተወዋለን። ዕጣ የማናውቀው ነገር ከምኞታችን ጋር እንዳያብር ይከለክላል። የሰው ልብ ወደ ወደደው ያዘነብላል። ተማሪው ሊያጭበረብር አልፈለገም፤ የሚወደውን ነገር ሊያከብር ፈለገ እንጂ። ሐሰት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምርምር የሚገባው በዚህ በር ነው።

በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ ላይ፣ ሐዋርያቱ በይሁዳ ፈንታ ሌላ ሰው ሲተኩ የሄዱበት ሥርዓት ከዚህ ጋር አንድ ነው። መጀመሪያ በሚያውቁት መዘኑ። ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ አብሮ የነበረ፣ የትንሣኤው ምስክር ሊሆን የሚችል ሰው ነው የፈለጉት፤ ሁለት ሰዎች ተገኙ። እውቀታቸው ከዚህ አላለፈም። ስለዚህ ጸልየው ዕጣ ጣሉ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ። ማወቅ የሚቻለውን ለማወቅ አልሰነፉም፤ እውቀታቸው ባለቀበት ደግሞ የሚያውቁ መስለው አልቀጠሉም። በስንፍናና በትዕቢት መካከል ያለው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስም እዚህ አለ። አማካሪ የሚያስፈልገው ሥልጣን ሁሉን ከማወቅ አይመጣም። የራሱን እውቀት ዳርቻ በትክክል ከማወቅ፣ ከዳርቻው ወዲህ ያለውን ሳይሰስት ከመስጠት፣ ከዳርቻው ወዲያ ላለው ተማሪውን ለሚያውቀው ከማስረከብ ይመጣል። ስለ ማሽላ የማላውቀውን እንደማላውቅ ለተማሪዬ ስነግረው ከመምህርነቴ የሚጎድል የለም። ይልቁንም መምህርነቴን የምፈጽመው ያኔ ነው፤ ተመራማሪ ሊማረው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነውና።

የቀደሙት መምህሮቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ድጓ ለመመስከር ቤተልሔም ይወርዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅኔ ዋሸራ ይሄዳል። በወሎም ደረሳው ለፊቅህ ከአንዱ ሼህ፣ ለነህው ከሌላው ዘንድ ይቀመጣል፤ ዳናና ጀማ ንጉሥ ስማቸው የተጠራው ከየአገሩ የመጣ ደረሳ ስለተማረባቸው ነው። መሪጌታውም ሼሁም የሌላውን ሙያ የእኔ ነው አላሉም፤ ተማሪውን መርቀው ይሸኙታል። ሆኖም በዚያ ሥርዓት ሙያዎቹን የሚያዋሕደው ተማሪው ብቻውን ነው፤ በዓመታት ጉዞ። የዛሬው የግብርና ተማሪ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ወይም በሁለት ክረምት ዝናብ መጨረስ አለበት። ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው ከቀደሙት ይበልጣል። መምህራኑ ራሳቸው ወደ አንድ ማሳ መምጣት አለባቸው።

የምናየው ግን ሌላ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ስሠራ፣ ተማሪዎች ወደ እኔ የሚመጡት ዲፌንሳቸው ሲቀርብ፣ ምርቱ ታጭዶና ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነበር። ፍላሽ ይሰጡኝና «ቲቸር፣ ሲግኒፊካንት ይሁንልኝ» ይላሉ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። ልዩነት ካልተገኘ ፈታኙ ይጥለናል ብለው ይፈራሉ፤ ይህን ፍርሃት ያስተማርናቸው እኛ ነን። ብዙ ጊዜ ማሳው ዕጣ አልወጣለትም፤ ዕጣ ባልወጣበት ማሳ ላይ ደግሞ ስሌቱ ቢሠራም የሚሰጠው ቁጥር ፍቺ የለውም። አንዳንዱ ባልደረባዬ ስሙ እንዲሰፍር ይፈቅዳል፤ ጽሑፉን ግን አያነብም፤ ማሳውን አያይም። ለደረጃ ዕድገት ይቆጠርለታል።

በዚህ ጉዳይ ለዘብተኛ መሆን አልችልም። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ መፈረም ምስክርነት ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አይቆምም። የሥነ ጽሑፍ መምህር ግጥምን በስህተት ቢተረጉም ሌላ አንባቢ ያርመዋል። ያልተፈተነ ዝርያ የተሻለ ነው ተብሎ ቢመከር ግን ገበሬው ዘሩን ይዘራል፤ ክረምቱ አንድ ጊዜ ያልፋል፤ ያ ዓመት አይመለስም። ፊርማችን የሚመረመረው በልጆች ገበታ ላይ ነው።

በአማካሪ ብዛት ላይ የሚነሳ ተገቢ ቅሬታ አለ። የአፈር መምህሩ አንድ ነገር ያዛል፤ የማዳቀል መምህሩ ሌላ ያዛል፤ የኢኮኖሚክሱ መምህር መጠይቅ ጨምር ይላል። ተማሪው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ዝናቡ ያልፋል። ይህ እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። መፍትሔው ግን ተማሪውን ወደ አንድ ቢሮ መልሶ መዝጋት አይደለም። አማካሪዎቹ ከዘር በፊት አንድ ቀን ማሳው ላይ፣ ተማሪውና ባለማሳው ባሉበት፣ አብረው ይቁሙ። ማን ለምን ጉዳይ መልስ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይስማሙ። ዋናው አማካሪ የመጨረሻውን ቃል ይያዝ። ከዚያ በኋላ የሚነሳው አለመግባባት ተማሪውን አያሰቃየውም፤ ያስተምረዋል። ሁለት ሊቃውንት በአንድ ማሳ ላይ ሲከራከሩ፣ አንዱም ሌላውን ሳይንቅ «እዚህ ላይ አንተ ታውቃለህ» ሲል የሰማ ተማሪ፣ በየትኛውም ክፍል ያልተማረውን ተምሯል።

ዕውቀት አንድ ነው ወይስ ብዙ የሚለውን የጥንት ጥያቄ ፈላስፎች ይከራከሩበት። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ እውነት አንድ ናት፤ የምንደርስባት ግን በየድርሻችን ነው፤ ድርሻውን ሙሉው እውነት አድርጎ የያዘ ሰው ሐሰተኛ ይሆናል። ማሳ ይህን ያጋልጣል። ማሽላው የማንንም ትምህርት ክፍል አያውቅም፤ አፈሩ ሲጎድል፣ አረሙ ሲበረታ፣ ስሌቱ ሲዛባ ሁሉንም በአንድ ላይ ያሳያል።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። የኬሚስትሪ፣ የሒሳብ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የፍልስፍናም መምህር ብትሆኑ፣ የግብርና ተማሪ ሲመጣ ሙያዬ አይደለም ብላችሁ አትመልሱት። የምታውቁትን ያህል ስጡት፤ የማታውቁትን በግልጽ ንገሩት፤ ለሚያውቀውም አስረክቡት። ስማችሁን ከማስፈራችሁ በፊት ማሳውን እዩ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። ጊዜ ከሌላችሁ ስማችሁን አንሱ። የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችም ከሌላ ክፍል መጥቶ የሚያማክር መምህር የሚያጠፋውን ጊዜ በሥራ ጫናው ውስጥ ቁጠሩለት፤ ወደ ማሳ የሚሄድበትን መኪናና አበል አትንፈጉት። ተማሪዎችም ወደ እኛ ከመከር በኋላ አትምጡ። ገና ዘሩ በከረጢት ሳለ፣ ማሳው ሳይታረስ ኑ። የምናስተምራችሁ ነገር ካለ ያን ጊዜ ነው።